ግድግዳው እስኪደርቅ

ዚሎው የተባለው የአሜሪካ የቤት ገበያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ራሱ ቤት እየገዛና እያደሰ መሸጥ ሲጀምር የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ገንዘብ አለው፤ የአገሩን ቤት ዋጋ የሚገምትበት ስሌት አለው፤ ስሙን የማያውቅ ቤት ፈላጊም የለም ማለት ይቻላል። በ2021 ኦክቶበር ግን አዲስ ግዢ ማቆሙን ተናገረ። የገዛቸውን ቤቶች የሚያድስለት በቂ ሠራተኛ አጥቶ ሥራው ተከምሮበት ነበር። በኖቬምበር መጀመሪያ ይህንን የንግድ ዘርፉን ጭራሽ እንደሚዘጋና ከሠራተኞቹ ሩብ ያህሉን እንደሚያሰናብት አስታወቀ። ያልተሸጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችም በእጁ ላይ ቀሩ። ክፉኛ የጎዳው የተሳሳተ የዋጋ ግምቱ ነው መባሉ ልክ ነው፤ ለሙያው ቅርብ የሆነ ሰው ግን በደንብ የሚያውቃት ያችን የሥራ ክምር ነው።

ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ፣ በዲያስፖራው አፍ «ፍሊፕ ማድረግ»፣ ከውጭ ሲያዩት የመዶሻና የቀለም ሥራ ይመስላል። ለዚህ ቴሌቪዥኑም እጁ አለበት። ከ2013 ጀምሮ ለዓመታት የታየው «ፍሊፕ ኦር ፍሎፕ» የፈረሰ ቤት ተገዝቶ፣ ተሠርቶ፣ ተሽጦ ትርፉ እስኪቆጠር ድረስ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። አቶም የተባለው የንብረት መረጃ ተቋም የሽያጭ መዝገቦችን ለቅሞ የሚያወጣው ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ በቅርብ ዓመታት አንድ ቤት ተገዝቶ እስኪሸጥ በአማካይ አምስት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ያውም ተቋሙ የሚቆጥረው በ12 ወር ውስጥ ተመልሰው የተሸጡትን ብቻ ነው። ዓመት አልፏቸው ባለቤታቸውን ያስጨነቁት ቤቶች ከቁጥሩ ውስጥ የሉም።

ታዲያ ጊዜው የት ይገባል?

በሜሪላንድ፣ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ በ1950ዎቹ የተሠራ አንድ የጡብ ቤት እንውሰድ። ከ1978 በፊት የተሠራ ስለሆነ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ከ2010 ወዲህ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቀለም የሚነካካ ሥራ የምስክር ወረቀት ባለው ባለሙያ እንዲመራ፣ አቧራውም በፕላስቲክ እንዲከለል ያስገድዳል። ማፍረሱ ራሱ የቀናት ሥራ ነው፤ ወጣቶቹ እንደውም ይወዱታል። ከዚያ ቧንቧው፣ ኤሌክትሪኩ፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መስመሩ በባዶው ግድግዳ ውስጥ ይዘረጋል። እዚህ ላይ ሁሉም ቀጥ ይላል፤ የካውንቲው ኢንስፔክተር ሳያይ ግድግዳ አይዘጋም። ቸኩሎ የዘጋ ሰው «ክፈተው» ሊባል ይችላል፤ ያኔ የድራይዎሉም (የጂፕሰም ሰሌዳው)፣ የሠራተኛውም ዋጋ በእጥፍ ይመጣል።

ግድግዳው ከተዘጋ በኋላ ያለውን ሥራ ቆሞ ላየ ሰው የሙያው ጠባይ ፍንትው ይላል። የድራይዎሉ መጋጠሚያ በወረቀት ቴፕ ተሸፍኖ ሦስት ጊዜ ይለሰናል፤ እያንዳንዱ ልስን አንድ ቀን ያህል ካልደረቀ ቀጣዩ አይደረብም። በሜሪላንድ የጁላይ እርጥበት ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ለሳኙ ለአንድ ክፍል የሚያጠፋው ጊዜ ቢደመር የጥቂት ሰዓታት ሥራ ነው፤ ክፍሉን የሚይዘው ግን ሳምንት ሊጠጋ ይችላል። በዚያ መሀል ቀለም ቀቢው አይገባ፣ ወለል አንጣፊው አይገባ።

ኩሽናው ደግሞ ይብሳል። ለኳርትዝ ወይም ለግራናይት ጠረጴዛ ልኬት የሚወስደው ሰው የሚመጣው የታችኞቹ ካቢኔቶች ቆመው፣ በውሃ ልክ ተስተካክለው፣ ከግድግዳው ጋር ከተጠበቁ በኋላ ነው። የድንጋዩ ቀዳዳ በሲንኩ ልክ ስለሚቆረጥ ሲንኩም ተገዝቶ እዚያው መገኘት አለበት። ከዚያ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። ድንጋዩ ሳይመጣ ሲንኩ አይቀመጥም፤ ሲንኩ ሳይቀመጥ ቧንቧው አይገጠምም፤ ቧንቧው ሳይገጠም የመጨረሻው ምርመራ አይጠራም። ሲንኩን መጀመሪያ ሳምንት ላይ ያዘዘና አምስተኛው ሳምንት ላይ ያዘዘ ሰው በእጅ ሙያ ላይበላለጡ ይችላሉ፤ በመሸጫ ቀን ግን ይራራቃሉ። ጎበዝ የሚባለው አዳሽ አንዱን ጥበቃ ከሌላው ጋር የሚደርብ ነው። ፐርሚቱ (የግንባታ ፈቃዱ) በሚታይበት ጊዜ መስኮት ያዛል፤ ልስኑ በሚደርቅበት ቀን የጣሪያ ሠራተኛውን ውጭ ያሰማራል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህንን ሥራ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን ይሞክሩታል። ሌሊት ሆስፒታል ያደረች ነርስ፣ ኤርፖርት ሲመላለስ የዋለ ሹፌር፣ ቅዳሜና እሁድ ተርፎኛል ብሎ ይጀምራል። ችግሩ የካውንቲው ቢሮ ቅዳሜ አለመክፈቱ ነው። ኢንስፔክተሩም «ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ» ይላል እንጂ ሰዓቱን ቆርጦ ላይናገር ይችላል። ኮንትራክተሩ ጥያቄውን የሚደውለው ባለቤቱ መሪ ላይ ወይም ሕመምተኛ አጠገብ ሳለ ነው፤ «ሻወሩ የቱ ጋ ይሁን?» የሚለው ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ሰው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የቅድሚያ ክፍያውን በእቁብ የሞላ ሰው ለዚያችኛው ገንዘብ ወለድ አይከፍልም።  የቀረውን ግን ከግል አበዳሪ ነው የሚያገኘው።

የአጭር ጊዜ አበዳሪዎች ከባንክ በላይ ያስከፍላሉ። ለምሳሌ 250,000 ዶላር በ12 በመቶ የወሰደ ሰው በወር 2,500 ዶላር ወለድ አለበት፤ በቀን ሲመታ 83 ዶላር ገደማ ይሆናል። የንብረት ግብሩ፣ ባዶ ቤት ላይ የሚወደደው ኢንሹራንስ፣ መብራቱና ውሃው በዚያ ላይ ይደመራሉ። ድርድር ላይ አንድ ሺህ ዶላር ለማስቀነስ ሦስት ሳምንት የሚከራከር ሰው ይህንን ሒሳብ ቢሠራ ምናልባት ቶሎ ይስማማ ነበር።

ቤቱ ቶሎ ቢያልቅ እንኳ ገዢው ላይ ሌላ ሰዓት አለ። ኤፍኤችኤ በሚባለው የመንግሥት ዋስትና የሚበደር ገዢ፣ ሻጩ ቤቱን በስሙ ካደረገ 90 ቀን ያላለፈው ከሆነ ዋስትናውን አያገኝም። የሚታየው የሽያጭ ውሉ የተፈረመበት ቀን ነው፤ በ88ኛው ቀን የተፈረመ ውል ዋጋ የለውም፣ 91ኛውን ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ከዚያ እስከ 180ኛው ቀን ባለው ጊዜም ቤቱ በተገዛበት ዋጋ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከተሸጠ ሁለተኛ ገማች ይላካል። ደንቡ የወጣው በ2003 ነው፤ የተበላሸ ቤት በለብ ለብ ቀለም ሸፍነው በተጋነነ ግምት ለድሃ ገዢ የሚያሻግሩ ሰዎችን ለመግታት። ለቅን አዳሽ ይከብዳል፤ ያም ሆኖ መነሻው እውነተኛ በደል ስለሆነ መርገሙ ተገቢ አይመስልም። በስድስት ሳምንት የጨረሰ ሰው ማስታወቂያውን ከማውጣቱ በፊት ቀን መቁጠሪያ ማየት ብቻ ይበቃዋል።

ገዢ ተገኝቶ ውል ከተፈረመ በኋላም የባንኩ ሞርጌጅ ከ30 እስከ 45 ቀን ይጠይቃል። የገዢው መርማሪ ይመጣል፤ የላላ የደረጃ መደገፊያ፣ የማይዘጋ መስኮት፣ የማይሠራ ሶኬት እየጻፈ ይሄዳል፤ የተበተነው ቡድን እንደገና ይጠራል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በዚያን ጊዜ ሌላ ሰው ቤት ነው። ለአንዲት ሶኬት ብሎ ሐሙስ እመጣለሁ ይላል፤ ሐሙስ ይመጣል ወይም አይመጣም። የግል አበዳሪው ወለድ ደግሞ ገንዘቡ በክሎዚንግ (በሽያጩ መዝጊያ) ቀን እስኪተላለፍለት ድረስ በየቀኑ እየተቆጠረ ነው።