ክሎሪን ፍሎሪንን የሚበልጥበት ቁጥር

ስለ ኤሌክትሮን አፊኒቲ የሚያስተምር መምህር ሕጉን ለማስጨበጥ ብዙ አይደክምም። በፔሪዮዲክ ቴብሉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲኬድ ይጨምራል፤ ከላይ ወደ ታች ሲወረድ ይቀንሳል። ተማሪው ደብተሩን ሳይዘጋ ይሸመድደዋል። ሥራው የሚጀምረው ቁጥሮቹ ሰሌዳው ላይ ሲሰፍሩ ነው።

ፍሎሪን 328፣ ክሎሪን 349፣ ብሮሚን 325፣ አዮዲን 295። በጋዝ መልክ ያለ አንድ ሞል አተም፣ እያንዳንዱ አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል፣ የሚለቀው ኃይል ነው፤ መለኪያው ኪሎጁል። ከኋላ ወንበር እጅ ይወጣል፦ «ቲቸር፣ ፍሎሪን ከላይ አይደል እንዴ? እንዴት በክሎሪን ተበለጠ?»

«ይህ ከሕጉ ውጪ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትምህርቱ ያለው ግን እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነው። የፍሎሪን አተም በጣም ትንሽ ነው፤ ሰባቱ የውጭ ኤሌክትሮኖቹ በጠባቧ ሁለተኛ ሼል ተጨናንቀዋል። መጪውን ኤሌክትሮን ኒውክለሱ አጥብቆ ቢስበውም ነባሮቹ ይገፉታል፤ ከሚለቀቀው ኃይል ላይ ይህ ግፊያ ይቀነሳል። የክሎሪን ሦስተኛ ሼል ሰፋ ስለሚል ግፊያው ይላላል። ይህን «ጠጋ ጠጋ በሉ» በሚባልበት ሚኒባስ ማስረዳት ይቻላል። ምሳሌው መጨናነቁን ያሳያል፤ የኒውክለሱን መሳብ ግን አያሳይም፣ ስለዚህ እዚያ ላይ መቆም የለበትም።

ናይትሮጅንም በ122ቱ ካርቦንና በ141ዱ ኦክስጅን መካከል ተቀምጦ ዋጋው ወደ ዜሮ ይጠጋል። ሦስቱ ፒ ኦርቢታሎቹ አንድ አንድ ኤሌክትሮን ይዘዋል፤ አራተኛው ሲመጣ የግድ ደባል ይሆናል።

ከሁሉ ሥር የሰደደው ስህተት የጨው ነው። ሶዲየም «መስጠት ስለሚፈልግ»፣ ክሎሪንም «መቀበል ስለሚፈልግ» ጨው ተሠራ ይባላል። ሒሳቡ ይህን አይደግፍም። ከሶዲየም አተም ኤሌክትሮን መንጠቅ 496 ኪሎጁል ይጠይቃል፤ ክሎሪን የሚመልሰው 349 ነው፤ 147 ይጎድላል። ጉድለቱን የሚሸፍነው አዮኖቹ ተሳስበው ክሪስታል ሲሠሩ የሚለቀቀው ወደ 787 ኪሎጁል ነው። ማክስ ቦርንና ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1919 ያስተዋወቁት ስሌት መሠረቱ ይኸው ነው። ተማሪው ይህችን መቀነስ በገዛ እጁ ይሥራት።

ከአዮዲን በታች ራዲዮአክቲቩ አስታቲን አለ። ሕጉ ዋጋው ከ295 ዝቅ እንደሚል ይገምታል፤ ግምት ግን ልኬት አይደለም። በሰርን፣ ኢሶልዴ በተባለው የምርምር ጣቢያ፣ ተመራማሪዎች አሉታዊ የአስታቲን አዮኖችን በሌዘር እየመቱ ኤሌክትሮኑ የሚላቀቅበትን ኃይል ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረጉት ውጤት በሞል 233 ኪሎጁል ገደማ ነው።