ሰሙ ምስክር፥ ወርቁ ፍርድ

ሰምና ወርቅ ያለበትን ግጥም ሰምቶ «ገባኝ» ማለትና ወርቁን አውጥቶ ማስረዳት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤትም ሆነ በጉባኤ አንዱ ወርቁን ይናገራል፤ ሌላው ያጨበጭባል፤ ከየት እንደ ወጣ የሚጠይቅ ግን የለም። ለመሆኑ አንድን ፍች እውነተኛ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ስያሜው ራሱ መልሱን ይጠቁማል። አንጥረኛ ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ወርቅ ይፈስበታል። ስለዚህ ወርቁ የሰሙን ቅርጽ ይይዛል እንጂ ከውጭ ሌላ ቅርጽ አያመጣም። ማር በሚቈረጥበት በማሻ አገር ሰም ለማንም እንግዳ ስላልሆነ ለምሳሌ ያህል በዚያው አገር ነገር የተሰናዳች አንዲት መንቶ ግጥም እንመልከት፤

ያ ባለ ቀፎ ሰው ቂም ይዞ ቢያየኝ፥
ማር ብዬ ለመንሁት ሌላ ምን ሊሰጠኝ።

ኅብሩ «ማር» የሚለው ቃል ነው። በሰሙ የንብ ማር ነው፤ በወርቁ «ማረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ትእዛዝ፥ «ይቅር በል» ማለት ነው። ለሰሙ «ባለ ቀፎ» ይመሰክርለታል፤ ለወርቁም «ቂም» ይመሰክርለታል። እንግዲህ «ቂም ይዞ» የሚለውን አውጥተን «ደጅ ቆሞ» ብንል ምጣኔው አይጎድልም፤ ሰሙም አይበላሽም፤ ይቅርታው ግን መግቢያ መንገድ ያጣል። ያን ጊዜ «ወርቁ ምሕረት ነው» የሚል ቢነሣ ያ ወርቅ የራሱ ነው እንጂ የገጣሚው አይደለም።

ኅብር ሁሉ በአንድ መንገድ አይገኝም። «ማር» በጆሮም በዓይንም አንድ ነው። «ገና» ግን በጽሕፈት አንድ ሆኖ ሲነበብ ይለያል፤ ሲጠብቅ በዓል፥ ሲላላ ጊዜ ይሆናል። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሳያውቀው አንዱን ፍች መርጦ ይሰጣል። «ዓለማየሁ» ደግሞ ሲከፈል «ዓለም አየሁ» ይሆናል። ፈቺ እነዚህን ሦስት በሮች በተራ ማንኳኳት ይገባዋል።

ይህ ሥርዐት የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጋዜጦች ቃላት በአግድምና በቁልቁል የሚሞሉበት ስውር እንቆቅልሽ ይታተማል። ዚሚኒዝ በሚል ስም እንቆቅልሽ ያዘጋጅ የነበረው ዴሪክ ማክነት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ጥያቄው የመልሱን ትክክለኛ ትርጉምና የቃሉን ጨዋታ ብቻ መያዝ እንዳለበት፥ ትርፍ ነገርም እንዳይገባበት አስተምሯል። በቅኔ ቤታችንም ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በሁለቱም ዘንድ ዳኛው ቃሉ ነው።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። በማሻ የሸካን ቋንቋ እየተናገረ ያደገ ተማሪ በአማርኛ ግጥም ፊት ሲቀርብ ወርቁ በጽሑፍ ተሰጥቶት ቢሸመድድ፥ ቅኔ ለአፍ መፍቻ ተናጋሪዎች ብቻ የተሰጠ ምሥጢር ይመስለዋል። ኅብሩን ፈልጎ ምስክሩን እንዲያቀርብ ቢጠየቅ ግን ከጎንደሬው ጋር እኩል ይከራከራል፤ ማስረጃው በትውልድ ሳይሆን በስንኙ ውስጥ ነውና። ምስክር ያልቀረበበት ፍች በሹመት ወይም በዕድሜ ይጸናል፤ የቀረበበት ግን በእውነት ይጸናል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ «ወርቁ ምንድን ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ «በምን ዐወቅኸው?» ማለትን አትተዉ።