የፈረሱ አራተኛ እግር

በታብሌት የሚስል ሰው ሥራውን ሲጨርስ የንድፉን ሌየር (ንብርብር) ይደብቃል፣ የቀረውን ሁሉ ፍላተን አድርጎ (ወደ አንድ አዋህዶ) ንጹሕ ምስል ያወጣል። እኔ ንድፉን አልደብቅም። ወደዚህ ያመጣኝ የእንጅባራ ፈረስ ነው።

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እዚያ በዓሉን ያከብራል፤ በዓድዋ የዘመቱት ፈረሶች ውለታም ይታወሳል። ጉግስ ሲጀመር ግላሱ ይርገበገባል፣ አቧራው ይነሣል፣ የፈረሱን እግር ግን ዓይን አይዘውም። በመጀመሪያው ሌየር ላይ አንዱን የፊት እግር ሦስት አራት ቦታ የማሰምረው ለዚህ ነው። አንዱን መርጬ ሌሎቹን ባጠፋ የሚሮጠው ፈረስ ቀጥ ብሎ ይቆምብኛል። ስለዚህ ያልመረጥኳቸውን እግሮች ኦፓሲቲያቸውን (ድምቀታቸውን) ወደ 20 በመቶ አውርጄ እተዋቸዋለሁ። ተመልካቹ የፈረሱን ሩጫና የእጄን ፍለጋ አብሮ ያያል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የንድፉን ሌየር ከቀለሙ በላይ አድርጌ መልቲፕላይ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ነጩ ይጠፋል፣ ጥቁሩ መስመር በቀለሙ ላይ ይቀራል። የልጓሙንና የኮርቻውን ቀለም ደግሞ ከመስመሩ ትንሽ አሳልፌ እቀባለሁ፤ የቱ ቀድሞ እንደተሠራ የሚታየው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ፎቶሾፕ ሌየርን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ከዚያ በፊት በፎቶሾፕ የተቀባ ቀለም ከሥሩ ካለው ጋር ተዋህዶ ይቀር ነበር።

ንድፉን አለመደበቄን የባሕር ማዶ ፋሽን ነው የሚሉኝ አሉ። የብራና መጽሐፍ ገልጠው ይዩ። ጸሐፊው መስመሩን ለማስተካከል በወስፌ የወጋው ቀዳዳ፣ ያለ ቀለም የጫረው መስመር ዛሬም በገጹ ላይ አለ። ለማጥፋት የደከመ የለም።

ከዘመናችን ሰው ካስፈለገ አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ አለች። በቀደሙት ሥራዎቿ የሕንፃ ንድፍ ትስልና ሥሩን በሚያሳይ አክሪሊክ ትሸፍነዋለች፣ አለስልሳ በላዩ እንደገና ትስላለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሠራቻቸው «ሃውል፣ ኢዮን» የተባሉ ሁለት ግዙፍ ሸራዎች መነሻቸው ዲጂታል ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ መልክዓ ምድር ሥዕሎችንና የአመጽ ፎቶዎችን በኮምፒውተር አደባልቃ፣ አደብዝዛ፣ ሸራ ላይ አሳትማ ነው በእጇ የሳለችባቸው። ሥሩ ደብዝዟል እንጂ አልጠፋም።

«የአሳሳሉ ቪዲዮ ይበቃ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ፕሮክሪኤት የተባለው የሥዕል መተግበሪያ እያንዳንዱን ምት ራሱ ይቀርጻል፤ ከፈለጉ በ30 ሰከንድ ጨምቆ ይሰጣል። ቪዲዮ መውደዴን አልክድም፣ ግን የሚያሳየው ቅደም ተከተልን ነው። የቱ እግር እንዳጠራጠረኝ የሚናገረው ሥዕሉ ላይ የቀረው መስመር ነው። ሁሉን መተውም አያዋጣም፤ ጓዳን ለእንግዳ እንደማዝረክረክ ነው። የቀለም ሙከራዎቼን እሰርዛለሁ፣ ምክንያቱም ስለ ፈረሱ የሚሉት ነገር የለም። የሚቀረው ሌየር ለሥዕሉ ሥራ የሚሠራ መሆን አለበት።

እንጅባራም ዳንግላም ሆናችሁ በታብሌት ለምትስሉ ልጆች አንድ አደራ አለኝ። ፍላተን የምታደርጉት ለሰው የምታወጡትን ቅጂ ብቻ ይሁን፤ ዋናውን ፋይል ከነሌየሩ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ክሪታ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፣ ሌየሩንም ይጠብቃል፤ ለመጀመር ይበቃችኋል።