የተማሪው መድረክ ከአራት ኪሎ እስከ መርሳ

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚወሱት መሪዎቹ፣ ሰልፎቹና መፈክሮቹ ናቸው። ማኅበሩ ያደረበት ቤትና የተናገረበት መድረክ ግን እምብዛም አልተመረመረም። ይህ ጉድለት በተለይ ለሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ቀላል አይደለም። በዚያ ዘመን የተማሪው ግጥም አስቀድሞ የተነገረ፣ ኋላ የታተመ ነውና የተነገረበት ስፍራ በቅርፁም በይዘቱም ላይ ማኅተሙን አሳርፏል።

በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ወጣት አንድ ግቢ አድሮ፣ አንድ ገበታ ቀርቦ ይማር ስለነበር የማኅበሩ የመጀመሪያ ቤት የአዳሪዎች መኝታና የምግብ አዳራሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መድረኩ ደግሞ የኮሌጅ ቀን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና ሹማምንቱ በተገኙበት በዚያ ዓመታዊ በዓል ላይ ተማሪው የግጥም ውድድር ያደርግ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ገጣሚው የሚናገረው ለሁለት አድማጮች ነው። ከፊቱ ዙፋን፣ ከዙፋኑ ጀርባ ጓደኞቹ። ለፊተኛው አቤቱታ፣ ለኋለኛው ቅስቀሳ የሆነ አንድ ቃል መፈለግ ነበረበት። የዘመኑ ግጥም በቀጥታ ጠርቶ መናገርን፣ መደርደርን፣ ለጆሮ የሚመች ከፍ ያለ ምትን የመረጠው በገጣሚዎቹ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ መድረኩም አስገድዶታል። ዛሬ በጸጥታ ሲነበብ ጩኸት የሚመስለው ብዙው ክፍል በቦታው ሲነገር ልኩ ነበር።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» በዚህ መድረክ ሲነገር ርእሱ ራሱ ታላቅ ቃል ኪዳን ነበር። ድሃው በሌላ አፍ ሳይሆን በራሱ አንደበት እንዲቀርብ ተደረገ። ድፍረቱ ሊካድ አይችልም። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣናት ግጥሞች አስቀድመው እንዲመረመሩ መፈለጋቸው፣ ብዙ ሳይቆይም የአዳሪነቱ ሥርዓት መቅረቱ፣ መድረኩ ምን ያህል እንደ ተፈራ ያመለክታል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ተናጋሪው ድሃ ቢሆንም አድማጩ ማን ነው? ድሃው ለንጉሥ ይናገራል፤ ለድሃ ግን አይናገርም። በሀብሩ ቆላ ማሽላውን ሲጠብቅ የሚያድር ገበሬ በስሙ አራት ኪሎ ላይ ምን እንደ ተባለ የሚሰማበት መንገድ አልነበረውም።

ቤቱም ቢሆን የተሰጠ ቤት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በአረንጓዴው ሳሎን ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡና በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ተማሪው በዚህ ግቢ ሆኖ ሥርዓቱን ሲያወግዝ ውለታ ቢስ ተባለ። ወቀሳው ከንቱ ቢሆንም ለግጥሙ የሚያስከትለው ነገር አለ፤ በተሰጠው ቤት ሆኖ ሰጪውን የሚከስ ሰው ድምፁ ከሚገባው በላይ ከፍ ሊል ይችላል።

ከዚህ ወጥመድ ከሁሉ ይልቅ ያመለጠው በ1959 ዓ.ም. የቀረበው የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) «በረከተ መርገም» ነው። ገጣሚው ዙፋኑን ፊት ለፊት አልተናገረም። ለሰው ልጅ የደከሙትን የዓለም ጠቢባንና ፈልሳፊዎች አንድ በአንድ እየጠራ ረገማቸው፤ ድካማቸው ለማን እንደ ዋለ አድማጩ ራሱ እንዲፈርድ ተወለት። በግጥሙ የተደረደሩት ስሞች ለመርሳ ገበሬ እንግዳ ናቸው። ቅርፁ ግን እንግዳ አይደለም። ምርቃትና እርግማን በወሎ ገጠር ሽማግሌ ዳኝነት የሚያጸናበት፣ ጉልበት የሌለው ጉልበተኛውን የሚከስበት ቋንቋ ነው። ስለ ድሃው ሳያወራ ለድሃው ጆሮ የቀረበ ግጥም ይህ ነው፤ ብልጫውም እዚህ ላይ ነው።

የማኅበሩ ልሳን «ታገል» በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይዘጋጅ እንደ ነበር ሲታሰብ የአማርኛው ግጥም ድርሻ ይበልጥ ይጎላል። በደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ያወጣው የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍም በእንግሊዝኛ ነበር። በሚቀጥለው ወር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በስድስት ኪሎ አካባቢ በጥይት ተመታ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው በግቢው ሲያለቅሱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱ። በታኅሣሥ ደም የፈሰሰበት ግቢ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በዚያው ወር ደም አየ።

ከዚያ 1965 ዓ.ም. መጣ። ከደሴ ተነሥቶ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ አድርጎ ወልዲያ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ዳርና ዳሩን የተራበ ሕዝብ ቆመበት። በወሎ ጎዳና ላይ ረሃብተኛው አውቶቡስና መኪና እያስቆመ እህል ይለምን እንደ ነበር ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ከጊዜ በኋላ ጽፏል። ሕዝቡ የሚሸምትበት ገንዘብ በማጣቱ እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይጫን እንደ ነበርም አመልክቷል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሧቸው ፎቶግራፎች በግቢው ለእይታ ቀረቡ። ከአሥር ዓመት በላይ በግጥም ሲናገር የቆየው ድሃ አሁን በመልኩ መጣ። ምስሉ አፍ አልነበረውም፤ ሆኖም ከተመልካቹ የጠየቀው ጭብጨባ አልነበረም። የቀድሞዎቹ ግጥሞች የሚመዘኑበት እውነተኛ ሚዛን እሱ ነበር ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹም ቀለው ይገኛሉ።

በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያሰማራ ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ድሃውን በመቀመጫው አገኘው። የዚያ ታሪክ ሌላ ሐተታ ይፈልጋል።

ዛሬ በመርሳ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ አለ። ተማሪው ከአጥሩ ሲወጣ የሚያገኘው ያንኑ ጎዳና፣ ያንኑ ገበሬ ነው። የኮሌጅ ቀን ግጥሞች በዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ እንደ ማንኛውም የታተመ ግጥም ቤት መምቻው ተቆጥሮ ብቻ ቢጠኑ ግማሹ ነገራቸው ይጠፋል። ወደ ፊት አሰባስቦ የሚያሳትማቸው አርታዒ ከየግጥሙ ግርጌ የተነገረበትን ዓመት ብቻ ሳይሆን ቦታውን፣ ከፊት የተቀመጠውንና ከኋላ የቆመውን አድማጭ ማስፈር ይኖርበታል። የሀብሩ ገበሬ በየትኛው ወገን እንዳልነበረም አብሮ ይጻፍ።