የበርተን ሐረርና የጠይቡ ዘር

ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ጀጎል ገብቶ 10 ቀን ሰነበተ። በማግስቱ ዓመት ለንደን ላይ የታተመው «የመጀመሪያ እርምጃዎች በምሥራቅ አፍሪካ» የተሰኘው መጽሐፉ፣ አውሮፓውያን ስለ ሐረር ከጻፏቸው ሁሉ ስመ ጥር ነው። የሐረሪን ቋንቋ ሰዋስው ለመመዝገብ ያደረገው ጥረት ሊመሰገን ይገባዋል። ወደ ሰዎቹ መልክ ሲመለስ ግን ሚዛኑ ይዛባል። ከወንዶቹ መካከል መልከ መልካም እንዳላየ ይገልጽና ገጽታቸውን ከብልግና ጋር ያያይዘዋል፤ ወዲያውም ፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጠፋባቸው እንዳሉ ራሱ ይመሰክራል። በሽታ የተወውን ጠባሳ የሕዝብ ባሕርይ አድርጎ ማንበብ፣ እንግዲህ የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው።

ጉድለቱ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። በርተን ወደ ሐረር ከመምጣቱ በፊት በቦምቤይ ጦር ውስጥ አገልግሏል፤ በሶማሌ ዘንድ የተናቁትን ሚድጋን፣ ቱማልና ይብር ያያቸውም ከሕንድ ይዞት በመጣው ዓይን ነው። ፖርቱጋሎች ለሕንዱ ሥርዓት የሰጡት «ካስታ» የተሰኘው ስም ቀድሞውኑ ዘርና ትውልድ ማለት ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ኸርበርት ሪዝሊ በቤንጋል የሰው አፍንጫ እያስለካ የማኅበራዊ ደረጃን ምንጭ በደም ውስጥ ፈለገ። ኦስትሪያዊው ፊሊፕ ፓውሊችኬም እ.ኤ.አ. በ1885 ሐረርን ጎብኝቶ፣ በዓመቱ ስለ ሶማሌ፣ ስለ ኦሮሞና ስለ ሐረሪ ባሳተመው ጥናት አርእስት ላይ «አንትሮፖሎጂ» የሚለውን ቃል አሰፈረ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ሐረርን የአንድ ግዛት መናገሻ ባደረገችበት ዘመን፣ ነገሩ ከመጽሐፍ ወጥቶ ሕግ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው ድንጋጌ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ኢጣሊያዊ እስከ 5 ዓመት ያሳስር ነበር።

ይህን ሁሉ የባዕድ ሥራ ብሎ ማለፍ ግን ራስን መደለል ይሆናል። በሐረር ዙሪያ በሚኖረው ኦሮሞ ዘንድ ብረት ቀጥቃጩ «ቱምቱ» ይባላል፤ ማረሻው ከእርሱ ይገዛል፣ ልጁ ግን አትታጭም ነበር። አማርኛውማ የባሰ ነው፤ «ጠቢብ» የነበረውን ቃል «ጠይብ» ብሎ ስድብ አደረገው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ቱምቱው ከገበሬው ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ የአፍንጫ መለኪያ እዚህ ሥራ ፈት ነው። የሕንዱ ሊቅ አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1936 በጉባኤ ሳይሰማ ቀርቶ በታተመው ንግግሩ ያስረዳው ይህንኑ ነበር፤ ካስት ዘርን ከዘር የሚለይ ሳይሆን አንዱን ዘር የሚከፋፍል አጥር ነው።

አማርኛ ለሚዘራው እህል፣ ለትውልድና ለአውሮፓውያኑ «ሬስ» ሁሉ «ዘር» የሚል አንድ ቃል ስለሚጠቀም፣ የበርተንን መጽሐፍ የሚተረጉም ብዕረኛ በየገጹ ቆም ብሎ መወሰን ይኖርበታል። ሚድጋኑን «ዘር» ብሎ ከጻፈው፣ ሪዝሊ በመለኪያ የፈለገውን እርሱ በአንድ ቃል አሳልፎ ይሰጠዋል።