«ተከታታይ ወደብ»፦ የአንድ ስያሜ ሒስ

የእንግሊዝኛው «ፖርት» በኮምፒዩተር ነክ ጽሑፎች «ወደብ» ተብሎ መተርጎሙ ተለምዷል፤ በእጅ ስልኮቻችን የአማርኛ ገጾች ላይ ሳይቀር ይገኛል። ከዚህም ተነሥቶ «ሲሪያል ፖርት» «ተከታታይ ወደብ» ሆነ። በመሣሪያ ውስጥ የተካተተ ሥርዓተ ክወና ሲነሣ ይህን ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ ማዘጋጀትም «የተከታታይ ወደብ ቅድመ ማስጀመር» ተባለ። ሐረጉን ከዓመታት በፊት ለአንድ የሥልጠና ጽሑፍ የሰጠሁት እኔው ስለሆንኩ፣ ሒሱ የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው።

ጽሑፉን ያነበበ አንድ የአንበሳሜ ተወላጅ ወጣት ቴክኒሻን፣ «ጋሼ፣ ወደቦቹ ስንት ናቸው? የትኛውስ ይቀድማል?» ሲል ጠየቀኝ። መሣሪያው የሚልክለት ፊደል የተዘበራረቀ ስለነበረ፣ ትክክለኛው ከሚቀጥለው ወደብ ይመጣል ብሎ ግማሽ ቀን ሌላ መሰኪያ ሲፈልግ ውሏል። ለጣና አካባቢ ሰው ወደብ ማለት ባሕር ዳር ነው፣ ጎርጎራ ነው፤ ጀልባ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ላይ ይደርሳል። «ተከታታይ»ም፣ «ተከታታይ ቀናት» እንደምንለው፣ እርስ በርስ የሚከተሉ ብዙዎችን ያሳስባል። ወጣቱ አማርኛውን በትክክል አንብቧል፤ የተሳሳተው አማርኛው ነው።

የተፈለገው ነገር ሌላ ነበር። መሣሪያው ገና ሲነሣ ስክሪን የለም፤ የማስታወሻው ድልድልም አላለቀም። ስለ ራሱ አንድ ፊደል ሊያስነብብ የሚችለው በአንዲት ሽቦ ነው። ፍጥነቱ ይወሰናል፣ የፊደሉ የቢት ቁጥር ይነገራል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ማስተላለፊያው ባዶ መሆኑን እየጠየቀ ፊደሉን ያስረክባል፣ ቺፑም ቢት በቢት ያሳልፋል። በታወቀው 16550 ቺፕ የተለመደው 1.8432 ሜጋኸርዝ ለ16 ሲካፈል 115200 ይሆናል፤ 9600 ቢፈለግ አካፋዩ 12 ነው። አካፋዩ ከተሳሳተ ተቀባዩ የሚያየው ዝብርቅርቅ ብቻ ነው፤ የወጣቱም ችግር ይኸው ነበር። እንግዲህ የሚከታተሉት ቢቶቹ እንጂ ወደቦቹ አይደሉም።

የ«ወደብ» ስሕተት ከላቲን ይጀምራል። «ፖርቱስ» ወደብ ነው፣ «ፖርታ» በር ነው፤ ሁለቱም እንግሊዝኛ ሲገቡ አንድ ድምፅ ሆኑ። የኮምፒዩተሩ «ፖርት» ከሁለተኛው ወገን ነው። በግዕዝ «አንቀጽ» በር ማለት ነበር፤ ዳሩ ግን ሕግና ሰዋስው ወስደውታል። «ኆኅት»ን ለቴክኒሻን ማቅረብ ቧልት ይሆናል። «በር» ይበቃል።

ለ«ሲሪያል» የሚሆነው ግን ቀላል አይደለም። «ተራ በር» ብንል ማንኛውም መናኛ በር ይሆናል፤ «ተርታ»ም ጎን ለጎን መቆምን ስለሚጨምር ተቃራኒውን ሊያመለክት ይችላል። እኔ «የሰልፍ በር»ን እመርጣለሁ። ወታደራዊ ሰልፍን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ቀርቦልኛል፤ ታክሲ ለመሳፈር ተሰልፎ የሚያውቅ ግን በአንድ በር አንድ በአንድ መግባትን አያጣውም።

«ቅድመ»ም መውጣት አለበት፤ «ቅድመ ታሪክ» ከታሪክ በፊት ያለው ነው እንጂ የታሪክ መጀመሪያ አይደለም። በሩም አይጀመርም፣ ይሰናዳል። «ማስነሣት» ግን ይቆይ፤ ከመኪና የመጣ ሕያው ቃል ነው፣ «ቡት»ም እግራችን ላይ ሥራ አለው። በታረመው ጽሑፍ ውስጥ «የሰልፍ በርን አስቀድሞ ማሰናዳት» ብያለሁ። «ኮንሶል»ን አልነካሁትም።