ስለ ቬሎ ጅራት

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ከእናቷ ጋር ቬሎ ለመከራየት ሄዳ ኖሮ፥ ሁለቱም ተኳርፈው ወደ ቤቴ መጡ። ልጅቱ የመረጠችው ከኋላ የሚጎተት ጅራት የሌለውን ነው። እናቷ ግን፦ «ጅራት የሌለው ምን ቬሎ ነው? አቅም አጥተው ነው ይሉናል፤ ጋሼ፥ እስቲ ይፍረዱን» አለችኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ቬሎ የሚለው ስም ራሱ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም በዚያው ቋንቋ የፊት መሸፈኛ ሻሽ ማለት ነው። ጅራቱ ደግሞ በአውሮፓ ነገሥታት ቤት የማዕረግ ምልክት ነበር፤ ረዥም ጨርቅ የምትጎትት ሴት የሚሸከምላት አላትና። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስታገባ ጅራቷን የያዙላት 12 ልጃገረዶች ነበሩ። በእኛ ሰፈር ይህን የምትይዘው ላብ በላብ የሆነች አንዲት ሚዜ ናት።

ከሁሉ ይልቅ የሚወራለት ልዕልት ዲያና በ1981 በለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የለበሰችው ነው። ጅራቱ 25 ጫማ፥ ማለት ከ7 ሜትር ተኩል በላይ ነበር። ለዚያ ታላቅ ሕንፃ የተመጠነ መሆኑን አልክድም፤ ምንጣፉ ላይ ሲዘረጋ ያምራል። ነገር ግን ያ ሁሉ ጨርቅ ከሙሽራይቱና ከአባቷ ጋር በአንድ ሠረገላ ታጭቆ ስለ መጣ፥ ስትወርድ ተጨማዶ ታየ። አባቷም በ1978 ጽኑ የአንጎል ሕመም አግኝቷቸው የነበሩ ሰው ናቸው። ያን ረዥም መንገድ ልጃቸውን ይዘው ሲራመዱ ማየት ልብ የሚነካ ነገር ነው፤ የተመልካች ዓይን ግን ወደ ጅራቱ ይሄዳል። ልብስ ሰውን ከጋረደ፥ ስፌቱ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፥ እኔ ጉድለት እለዋለሁ።

ኦድሪ ሄፕበርን በ1954 በስዊስ አገር ስታገባ ፒየር ባልማን የሠራላት ቀሚስ መሬት እንኳ አይነካም ነበር። ድኻ ናት ሲባል አልሰማሁም። (ጅራት መተውም ለታይታ ከሆነ ያው ነው።)

የእኛ ሙሽራ ደግሞ ጎንበስ ብላ የወላጆቿን ጉልበት ትስማለች፤ በሰው መካከል ተጋፍታ ትወጣለች፤ ትጨፍራለች። ይህን ሁሉ ሳስረዳ ልጅቱ አቋረጠችኝ።

«እኔስ ስለ አባባ ብዬ ነው፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። ጨርቁ ከእግሩ ቢጠላለፍስ?»

እህቴ ዝም አለች። ቆይታም፦ «ታዲያ ይህን እዚያው ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሰው ሁሉ ይሰማን ነበር» አለች ልጅቱ።